ምዕራፍ ሰባት፦ በባዕድ ሀገር ደጃፍ የሚገዛ ቁጥር

ከቦሌ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚበረው አውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በሰማይ ቆይቶ ባንኮክ ሲያርፍ በታይላንድ እኩለ ቀን ሆኗል፤ በአገራችን ግን ሰዓቱ ገና አራት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና፣ በቤት የቀሩት ዘመዶች ከቁርስ ገበታ ሳይነሡ ስልካቸውን ከፊታቸው አኑረው «ገቡ ወይስ አልገቡም» እያሉ በሐሳብ ይንገላታሉ። በዚህ አውሮፕላን ከሚሳፈሩት ወገኖቻችን መካከል ነጋዴውም፣ ጎብኚውም፣ ተማሪውም ይገኛል፤ ጥቂት የማይባሉት ግን በአገር ቤት ያልተገኘ ሕክምና ፍለጋ የሚጓዙ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ናቸው። እኔም እናቴን ለማሳከም ይዣት በሄድሁ ጊዜ፣ እርሷ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ፣ እኔ ሁለቱን ፓስፖርትና የሐኪሞቹን ወረቀት በብብቴ ይዤ፣ ትርጓሜው «የወርቅ ምድር» የሆነውንና ከመስከረም 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮክን መንገደኛ የሚቀበለውን የሱቫርናቡሚን አውሮፕላን ጣቢያ ረጅም መተላለፊያ ስንያያዘው፣ በኪሴ የነበረው ስልክ ከአዲስ አበባ እንደ ተነሣ ዝም እንዳለ ነበር። ሆስፒታሉ የመደበልን አማርኛ አስተርጓሚ በየትኛው በር እንደሚጠብቀን ለማወቅ ልደውልለት ይገባኝ ነበር፤ እናቴ ግን ከአስተርጓሚውም ከሐኪሙም አስቀድማ ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር። «ልጄ፣ ለወንድምህ ገብተናል በለው፤ አለዚያ እህል ሳይቀምስ ይውላል» አለችኝ።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ስለዚያች ቅጽበት ነው፤ ይኸውም መንገደኛው የፓስፖርቱን ማኅተም አስመትቶ፣ ሻንጣውን አንሥቶ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያው ሳይወጣ የእንግዳውን ሀገር የስልክ ቁጥር ስለሚገዛባት ጥቂት ደቂቃ። ብዙ ሰው ይህን ግዢ ውኃና ማስቲካ እንደ መግዛት ቀላል ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔ ግን በዚያ ባንኮኒ ፊት የሚፈጸመው ነገር ከሸቀጥ ግዢ ይልቅ ለምዝገባ፣ እንዲያውም ደፍሬ ብናገር ለስም አወጣጥ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰውየው በማያውቀው መንግሥት ግዛት ውስጥ የሚታወቅበትን ሁለተኛ ስም ተቀብሎ ሲወጣ፣ የፊተኛውን ስሙን ከኪሱ ውስጥ ወይም ከእጁ ላይ የሚጥልበት ሰዓት ያችው ናት። ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘርግቶ ሰውና ሰው ሳይተያዩ መነጋገር በጀመሩ ጊዜ፣ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የሚያስታውቀው ሽቦው ራሱ ነበር፤ ሽቦው ከአንድ ቤት ተነሥቶ ወደ አንድ ማዞሪያ ይደርሳልና፣ በሽቦው ጫፍ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ቤት ድምፅ መሆኑ አያጠራጥርም ነበር። ሽቦው ቀርቶ ድምፅ በአየር መመላለስ በጀመረ ጊዜ ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። አየር የሁሉ ነው፤ ከአየር የመጣው ጥሪ የማን እንደ ሆነ፣ ሒሳቡስ በማን ስም እንደሚጻፍ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮች መታወቂያቸውን በመሣሪያው ውስጥ ተቀርጾ ይዘውት ስለሚዞሩ፣ ሰውየው መሣሪያውን የለወጠ እንደ ሆነ ቁጥሩን እንደገና ማስቀረጽ ነበረበት፤ ከአንዱ የአውሮፓ ሀገር ወደ ጎረቤቱ የተሻገረ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የአገሮቹ አውታር ብዙውን ጊዜ እርስ በርሱ የማይስማማ ነበርና፣ ስልኩ ምንም የማይሠራ ግዑዝ ዕቃ ይሆንበት ነበር።

ይህን ለማስተካከል በ1974 ዓ.ም. የአውሮፓ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች ጉባኤ ጂኤስኤም በሚባል ምሕፃረ ቃል የታወቀውን የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ፤ (በዚህ ምዕራፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ጳጉሜን 2 ቀን 1979 ዓ.ም. ከ13 አገሮች የመጡ 15 የስልክ ድርጅቶች በኮፐንሃገን ተሰብስበው በአንድ ሥርዐት ለመሥራት የውል ሰነድ ፈረሙ። የሰውየው ማንነት ከመሣሪያው ተለይቶ በትንሽ ካርድ ላይ እንዲኖር ያደረገው ጥበብ በዚህ ሥርዐት ውስጥ የተፀነሰ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሲም ካርዶች በ1983 ዓ.ም. የሠራው በሙኒክ ከተማ የገንዘብ ኖት በማተም የታወቀው ጊዜከ ኡንት ዴቭሪየንት የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 300 ካርዶች የገዛውም ራዲዮሊንያ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ነበረ። በዚሁ ኩባንያ አውታር ሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ የመጀመሪያውን ጥሪ ሲያደርጉ፣ እኛ አገር ደርግ ወድቆ አዲስ አበባ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ቈጥራ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው አንዲት ሲም ካርድ ለማግኘት የተሰለፈበትን ወረፋ አይረሳውም።

የመጀመሪያውን ካርድ የሠራው የብር ኖት አታሚ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ ሲም ካርድ እንደ ብር ኖት ሁሉ፣ ዋጋው ከተሠራበት ነገር ሳይሆን አስመስሎ ሊሠራ ከማይቻለው ምሥጢሩ የመጣ ነውና። በመጀመሪያ ቁመቱና ወርዱ የባንክ ካርድ ያህል የነበረው ይህ ካርድ ዘመን በዘመን ላይ ሲተካ እየተከረከመ ሄዶ፣ ዛሬ የምንጠቀምበት ናኖ ሲም 12.3 ሚሊ ሜትር በ8.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጣት ጥፍር የማትበልጠው ይህች ቁራጭ ግን በውስጧ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ይዛለች። አንደኛው እስከ 15 አኃዝ የሚደርስ የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ ይህም እኛ ለወዳጅ የምንሰጠው የስልክ ቁጥር አይደለም፣ አውታሮች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚያነብቡት የተሰወረ ስም ነው እንጂ። የዚህ ስም የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የሀገርን ወገን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ ካርድ 636 ብሎ ይጀምራል፣ የታይላንድ 520፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 424። ሁለተኛው ነገር ምሥጢረ ቃሉ ነው። ይህ ምሥጢር በዐሥሩ አኃዝ ቢጻፍ እስከ 39 አኃዝ የሚደርስ ታላቅ ቁጥር ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሁለት ቦታ በቀር አይገኝም፤ አንዱ በካርዱ ውስጥ፣ ሁለተኛው ካርዱን በሰጠው ኩባንያ መዝገብ ውስጥ።

በመጽሐፈ መሳፍንት የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ ሊሻገር የመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል እያሉ ይጠይቁት እንደ ነበረ፣ የኤፍሬምም ወገን የሆነው ቃሉን አጥርቶ መናገር ስለማይችል «ሲቦሌት» ባለ ጊዜ ይታወቅ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በስልክና በአውታሩ ምሰሶ መካከል የሚደረገው ምርመራ ከዚህ ጋር የተመሳሰለ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ታላቅ ነገር ይበልጠዋል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ የሚጠየቀው ቃል አንድ ስለ ነበረ፣ አጠገብ ቆሞ ያደመጠ ሰው ተለማምዶ ሊያልፍበት ይችላል፤ አውታሩ ግን ካርዱን «ምሥጢርህን ንገረኝ» ብሎ አይጠይቀውም። በየጊዜው አዲስ የሆነ፣ ከዚህ በፊት ያልተነገረ ቁጥር ይልክለታል፤ ካርዱም ያን ቁጥር ከምሥጢሩ ጋር በተወሰነ ስሌት አዋሕዶ፣ የተገኘውን ውጤት ብቻ መልሶ ይልካል፤ ኩባንያውም በመዝገቡ ባለው ምሥጢር ያንኑ ስሌት ሠርቶ ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ በሩን ይከፍታል። ምሥጢሩ ራሱ ከካርዱ ወጥቶ አንዲት ቀን እንኳ በአየር ላይ አይሄድም። ከሦስተኛው ትውልድ አውታር ጀምሮ ደግሞ ካርዱም በተራው አውታሩን የሚመረምር ሆኗል፤ ይህም አስመሳይ ምሰሶ ተክሎ መንገደኛን ለሚያታልል መሰናክል ነው።

እንግዲህ ይህን ካወቅን፣ የኢትዮጵያ ካርድ የያዘ ስልክ ባንኮክ ሲደርስ ስለ ምን ዝም እንደሚል ማስተዋል ቀላል ነው። የታይላንዱ ምሰሶ 636 የሚለውን ስም ሲሰማ እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን የካርዱ ምሥጢር በእርሱ መዝገብ ውስጥ የለምና ሊመረምረው አይችልም። በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ውል ያለ እንደ ሆነና ባለ ካርዱም አገልግሎቱን ከአገሩ ሳይወጣ አስከፍቶ እንደ ሆነ፣ ታይላንድ ወደ አዲስ አበባ መልእክት ልካ ጥያቄውን ከነመልሱ ታስመጣለች፤ ምሥጢሩን ሳታይ በተዋሰችው ጥያቄና መልስ ብቻ እንግዳውን ታስገባለች። ሮሚንግ የምንለው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የጂኤስኤም ሮሚንግ ውልም በ1984 ዓ.ም. በፊንላንድ ቴሌኮምና በእንግሊዙ ቮዳፎን መካከል የተደረገው ነው። ሮሚንግ ውድ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል፤ እንግዳ ተቀባዩ ኩባንያ በጅምላ ዋጋ የባለቤቱን ኩባንያ ያስከፍላል፣ ባለቤቱም በዚያ ላይ ጨምሮ ደንበኛውን ያስከፍላል፤ የኢንተርኔቱ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሀገር ቤት በኩል ስለሚዞር፣ ባንኮክ ላይ ተቀምጦ ባንኮክ ውስጥ ላለ ሰው የተላከ ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። አውሮፓውያን ይህን ሸክም ከዜጎቻቸው ላይ ያነሡት በሕግ ነው፤ ከሰኔ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ የሚዘዋወር ሰው በአገሩ ዋጋ እንዲናገር ተደርጓል። የእኛ መንገደኛ ግን እንዲህ ያለ ጥላ ስለሌለው፣ ለጥቂት ቀን የሚሄድና ብዙ የማይናገር ካልሆነ በቀር፣ የሚያዋጣው የደረሰበትን ሀገር ካርድ መግዛት ነው።

ወደ ሱቫርናቡሚ ልመለስ። ከሻንጣ መረከቢያው ወጥተን ወደ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ስንደርስ የስልክ ኩባንያዎቹ ባንኮኒዎች በየቀለማቸው ተደርድረው ታዩን፤ በአንደኛው አጠገብ የቆመችው ወጣት ሁለቱን መዳፎቿን በደረቷ ላይ ገጥማ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችን። እናቴ ይህን አይታ «እንደ እኛው ናቸው እኮ» አለች፤ ከአውሮፕላኑ ከወረድን ወዲህ ፊቷ የፈካው ያን ጊዜ ነው። በባንኮኒው ላይ የዋጋ ሰሌዳ ነበረ፤ ለ8 ቀን የሚሆን፣ ለ15 ቀን የሚሆን፣ ከዚያም የሚበልጥ እያለ የተዘረዘረ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ተቀብላ ፎቶግራፍ አነሣችው፤ ቀጥሎም መሣሪያዋን ወደ ፊቴ አቅንታ እኔን ራሴን አነሣችኝ።

ይህ ፊትን የማንሣት ነገር አንዳንድ መንገደኛን ያስቈጣዋል፤ ምክንያት ግን አለው። በደቡብ ታይላንድ በሚገኙት ሦስት አውራጃዎች በነበረው ዐመፅ በተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪ የሚፈነዱ ቦምቦች ብዙ ሰው ስለ ጨረሱ፣ በ1998 ዓ.ም. መንግሥት በዚያ ወገን ባለቤቱ ያልተመዘገበ የቅድመ ክፍያ ካርድ ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘ፤ በ2007 ዓ.ም. ምዝገባው ለመላው ሀገር ሆነ፤ ከታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ ካርድ የሚገዛ ሁሉ የጣት አሻራ ወይም የፊት ምስል እንዲሰጥ ተደነገገ። ስለዚህ በአዳራሹ ወይም በመንገድ ዳር ቀርቦ «ያለ ፓስፖርት እሰጥሃለሁ» የሚል ሻጭ ቢገኝ፣ የሚሸጠው ካርድ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ነው ማለት ነው፤ ያ ሌላ ሰው ያደረገውን የማያውቅ እንግዳ ስሙን ተሸክሞ መዞር አይገባውም። ፓስፖርትን ለማይታወቅ ሻጭ አሳልፎ መስጠት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በዚያ ፓስፖርት ስንት ካርድ እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

ልጅቷ ፎቶግራፉን ከጨረሰች በኋላ ቀጭኗን መርፌ በስልኬ ጎን ባለችው ቀዳዳ አስገብታ ትንሿን መሳቢያ አወጣች፤ የአገሬን ካርድ ብድግ አድርጋ በባንኮኒው መስታወት ላይ አኖረቻት፣ አዲሷንም በቦታዋ አስገባች። ያን ጊዜ እናቴ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና «ወዲህ በላት» አለችኝ። ካርዷን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ እርሷም የነጠላዋን ጫፍ አምጥታ፣ የእጣንና የጧፍ መግዣ ስትይዝ እንደምታደርገው፣ ቋጥራ አጠበቀቻት።

ይህን ያደረገችው ያለ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ሀገር ለሥራ በሄድሁ ጊዜ፣ በአንድ አውሮፕላን ጣቢያ እንዲሁ አዲስ ካርድ አስገብቼ፣ የድሮውን በደረሰኙ መካከል አድርጌ ደረሰኙን ከቆሻሻ ጋር ጥዬው ነበር። ሁለት ቀን ምንም አልታወቀኝም፤ በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ከሒሳቤ ለማዛወር ስሞክር ግን ባንኩ ማረጋገጫውን ቁጥር ላከ፤ የላከውም ቆሻሻ ውስጥ ወደ ገባችው ካርድ ነበር። ስልክ ብደውል፣ ደብዳቤ ብጽፍ፣ መልሱ አንድ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ በአካል ቀርቦ ካርዱን እንደገና ያስወጣ የሚል። በሰው ሀገር ከወዳጅ ተበድሬ ሰነበትሁ። ይህን ለእናቴ አጫውቻት ነበርና አልረሳችውም።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር ለእኔ ይህ ነው። የሀገር ቤት ቁጥራችን ዛሬ መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ የባንካችን፣ የቴሌብራችን፣ የቴሌግራማችን ማኅተም ሆኗል፤ ጥንት ባለርስት ማኅተሙን በጣቱ ቀለበት አድርጎ እንደሚጠብቀው ሁሉ ሊጠበቅ ይገባዋል። ሁለት ካርድ የሚቀበል ስልክ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የሀገሩን ካርድ ሳያወጣ አዲሱን በሁለተኛው ቦታ ያስገባል፣ የሀገር ቤቱን ካርድ ኢንተርኔት ግን ይዘጋዋል፤ ከመነሣቱም አስቀድሞ የጽሑፍ መልእክት በውጭ ሀገር ይደርሰው እንደ ሆነ፣ ምን ያህልም እንደሚያስከፍል ከኩባንያው ይጠይቃል። ቴሌግራምና ዋትስአፕን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው በከንቱ ይደናገጣል። እነዚህ በድሮው ቁጥር እንደ ተከፈቱ፣ ካርዱ ቢወጣም በዚያው ስልክ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ «ቁጥርህን ቀይረሃልን» ብለው ሲጠይቁ «አልቀየርሁም» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ለሳምንት በተገዛ ቁጥር ለውጦ መመዝገብ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ያ ቁጥር ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣልና።

ሌላው ተጓዥን የሚያሰናክለው ነገር ስልኩ ራሱ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ አንዳንድ ጊዜ በዚያ ለሸጠው ኩባንያ የተቈለፈ ይሆናል፤ ሌላ ካርድ ቢገባበት አልቀበልም ይላል። ይህን ከቤት ሳይወጡ የሌላ ኩባንያ ካርድ አስገብቶ መፈተን ነው እንጂ በሌሊት ባዕድ አዳራሽ ውስጥ ማወቅ ያስመርራል። መሣሪያው የራሱ 15 አኃዝ ያለው መለያ ስላለው፣ አንዳንድ መንግሥት ካርዱን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ይቈጣጠራል፤ በቱርክ ከውጭ የገባ ስልክ ሳይመዘገብ በአገሩ ካርድ 120 ቀን ከሠራ በኋላ ይዘጋል፤ ወደ ኢስታንቡል ለአጭር ጊዜ ለሚሄድ ነጋዴ ይህ ምንም አይደለም፣ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ግን ሊያውቀው ይገባል። ወደ ዱባይ ለሚሄዱት ደግሞ፣ በተለይም ለሥራ ለሚሄዱት እኅቶቻችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባው ሌላ ነው። በዚያ ሀገር በዋትስአፕ መጻፍና ፎቶግራፍ መላክ ሲቻል፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን ተዘግቶ የኖረ ነው፤ ጥሪ የሚፈቀደው እንደ ቦቲም ባሉ ፈቃድ በተሰጣቸው መንገዶች ነው። ይህን ያልሰማች እናት፣ ልጇ በዋትስአፕ ድምፅዋን ሳታሰማት ስትቀር፣ አንድ ክፉ ነገር የደረሰባት እየመሰላት ስንት ሌሊት ታነባለች! ልጅቱ ሳትሄድ ቦቲምን በሁለቱም ስልክ ላይ መጫን ያን ሁሉ ዕንባ ያስቀር ነበር።

ዋጋን በተመለከተ፣ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚሸጠው ካርድ ከከተማው እንደሚወደድ ሁሉም ያውቃል። የባንኮኒው ኪራይ ከባድ ነው፤ እንግዳውም ዋጋ ሊያወዳድር የሚችልበት ሰዓት አይደለም። በታይላንድ ከ14,000 የሚበልጡ የሰቨን ኢለቨን ሱቆች ስላሉ፣ ከሆቴሉ ደጃፍ ወጥቶ ከዚያ የሚረክስ ጥቅል መግዛት ይቻላል። ሆኖም በዚህ ነገር ከቆጣቢዎቹ ጋር አልስማማም፤ በተለይ ሕመምተኛ ወይም ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ ከአዳራሹ እስከ ሆቴል ያለችው አንዲት ሰዓት ከሳምንቱ ሁሉ ትበልጣለች፤ በእርሷ ውስጥ ታክሲው ይጠራል፣ አስተርጓሚው ይገኛል፣ መንገዱ በካርታ ይታያል፣ ወንድም እህል ይቀምሳል። ስለዚህ ከባንኮኒው ትንሹን ጥቅል መግዛት፣ የጎደለውንም በኋላ በከተማ መሙላት ልክ ነው። በቅርብ ዓመታት ኢሲም የተባለው፣ ካርድ ሳይገባ ምሥጢሩ በአየር ተልኮ በመሣሪያው ውስጥ የሚቀመጥበት ጥበብ እየተስፋፋ መጥቷል፤ የሀገር ቤቱ ካርድ ከቦታው ሳይነቃነቅ ስለሚቀር እጅግ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከመነሣት በፊት በኢንተርኔት የሚሸጡት ብዙዎቹ ኢሲሞች ኢንተርኔት ብቻ እንጂ የሚደወልበት ቁጥር የላቸውም፤ ሆስፒታል በተራ ስልክ ደውሎ «የምርመራው ውጤት ደርሷል» ሊለው የሚጠብቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ይመርምር።

አሁንም የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚቀለውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው። ካርዱ ከገባ በኋላ ስልኩ ጠፍቶ ይበራል፤ የአውታሩ ስም በላዩ ላይ ይጻፋል፤ መንገደኛውም ደስ ብሎት ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። የአውታሩ ስም መታየት ግን ጥያቄውና መልሱ ተስማሙ ማለት ብቻ ነው፤ የተገዛው ጥቅል በካርዱ ላይ መሞላቱን አያሳይም። እኔ ልጅቷ ፊት ቆሜ፣ የአውሮፕላን ጣቢያውን ዋይፋይ ዘግቼ ካርታውን ከፈትሁ፤ ተከፈተ። ለአስተርጓሚው ደወልሁ፤ አነሣ፣ በየትኛው በር እንደ ቆመም ነገረኝ። የአዲሱን ቁጥር ጽሑፍ ከካርዱ ክፈፍ ላይ ቀድቼ በእናቴ የሕክምና ወረቀት ጀርባ ጻፍሁት፤ በላዩ ላይ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ጭምር፤ የይለፍ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ የሳተ ካርድ ይቈለፋልና፣ መክፈቻውንም ዐሥር ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ ለዘለዓለም ይሞታል። ከዚህ በኋላ ለወንድሜ ደወልሁና ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። «ገብተናል፤ በል አሁን ብላ» አለችው፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገረችም።

በባንኮክ ሦስት ሳምንት ተቀመጥን፤ የ15 ቀኑ ጥቅል ሲያልቅ ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለው ሱቅ ሞላሁት። ሕክምናው በእግዚአብሔር ቸርነት መልካም ሆኖ ቦሌ በተመለስን ጊዜ፣ እናቴ ከተሽከርካሪ ወንበር ሳትቀመጥ በእግሯ ወርዳ፣ ሻንጣ መረከቢያው ዘንድ ቆማ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ካርዷን አስገባሁ፤ ስልኩ በርቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የጽሑፍ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ፣ ሁለቱ ከባንክ የመጡ ነበሩ።